የገበያ ትምህርት፡- ሊፍቶቹን የነቀለው ተራራ

ነጋዴን ወደ ሥራ መግባት የሚያስተምረው ሰው አይጠፋም። መቼ መውጣት እንዳለበት የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። ለዛሬው ትምህርታችን የመረጥነው ምሳሌ ከአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች የተገኘ ነው።

በደቡብ ኦስትሪያ፣ ከኢጣሊያና ከስሎቬንያ ድንበር ብዙ ሳትርቅ፣ ፊላኽ የተባለች ከተማ አለች። ከአጠገቧ ያለው የዶብራች ተራራ ከፍታው 2,166 ሜትር ሲሆን፣ ከ4,800 ሜትር በላይ ከሆነው ከሞንት ብላንክ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ የሚባል ነው። በዚህ ተራራ ላይ የበረዶ ሸርተቴ ተጫዋቾችን ወደ ላይ የሚያወጡ ሊፍቶች ተተክለው ለዓመታት ሲሠሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ሥራው ቆመ፤ ሊፍቶቹም ተነቀሉ። ለምን?

ወጪው በረዶን አይጠብቅም

የሸርተቴ ንግድ ጠባይ ከሆቴል ወይም ከአውሮፕላን ንግድ ጋር ይመሳሰላል። አብዛኛው ወጪ ቋሚ ነው። የሊፍቱ ዕዳ፣ የእርጅና ተቀናሹ፣ ኢንሹራንሱና የቴክኒሻኖቹ ደመወዝ በረዶ ቢጥልም ባይጥልም ይከፈላል። ያልተሸጠ የዕለት ቲኬት ደግሞ መጋዘን ገብቶ ለነገ አይቀመጥም።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ለምሳሌ ያህል የራሳችንን ግምት እንውሰድ። የአንድ ድርጅት ቋሚ ወጪ በዓመት 1 ሚሊዮን ዩሮ ነው እንበል። ከአንድ ቲኬት ላይ ተለዋዋጭ ወጪው ተቀንሶ 25 ዩሮ ይተርፋል። ድርጅቱ ሳያተርፍም ሳይከስርም ዓመቱን ለመጨረስ 40 ሺህ ቲኬት መሸጥ አለበት። በረዶው 100 ቀን ከቆየ በቀን 400 ሰው ይበቃዋል። 50 ቀን ብቻ ከቆየ ግን በቀን 800 ሰው ያስፈልገዋል። ዋጋው አልተለወጠም፤ ወጪውም አልጨመረም። የተለወጠው ሰማዩ ብቻ ነው።

በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ የሚታወቀው “የ100 ቀን ሕግ” የመጣውም ከዚህ ነው። ከ10 ክረምት ውስጥ ቢያንስ በ7ቱ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ለ100 ቀናት ካልቆየ ቦታው አስተማማኝ አይባልም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት ከ666 የአልፕስ የሸርተቴ ቦታዎች አስተማማኝ ሆነው የተገኙት 609 ነበሩ። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጨምር ቁጥሩ ወደ 500፣ በ2 ዲግሪ ቢጨምር ወደ 404 እንደሚወርድ ጥናቱ አስልቷል።

ሰው ሠራሽ በረዶና ውኃው

ለዚህ ችግር የተለመደው መፍትሔ በመሣሪያ በረዶ መሥራት ነው። ቅዝቃዜው በቂ ሲሆን ውኃ በግፊት ወደ አየር ይረጫል፤ ሲወርድም በረዶ ይሆናል። ይሁንና አንድ ሄክታር ቦታ በ30 ሳንቲ ሜትር በረዶ ለመሸፈን 1 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይጠይቃል። ግድቡ፣ ቧንቧው፣ ፓምፑና ኤሌክትሪኩ ሲደመሩ በቋሚው ወጪ ላይ ሌላ ቋሚ ወጪ ይጨመራል።

ዶብራች ይህንንም መንገድ መከተል አልቻለም። ተራራው የኖራ ድንጋይ ነው። በላዩ የፈሰሰው በስንጥቁ ሰርጎ ይገባና ፊላኽ ከምትጠጣው ምንጭ ይደርሳል። የከተማዋን የመጠጥ ውኃ ለመጠበቅ ሲባል ሰው ሠራሽ በረዶ መሥራት አልተቻለም። እዚያው አካባቢ ያለው የገርሊትሰን ተራራ 1,909 ሜትር ብቻ ነው። ከዶብራች ዝቅ ቢልም በረዶ እያመረተ ሥራውን ቀጥሏል። እንግዲህ ልዩነቱ የቁመት አልነበረም፤ የግብዓት እንጂ።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም

ብዙ ባለንብረት በዚህ ጊዜ “ይህን ሁሉ ገንዘብ አፍስሼ እንዴት እተዋለሁ?” ይላል። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ይህ የማይመለስ ወጪ ይባላል። ሊፍቱ ትናንት የተገዛበት ዋጋ ለነገ ውሳኔ መነሻ አይሆንም። መነሻው ከዛሬ ጀምሮ የሚገባው ገቢ ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣውን ወጪ ይሸፍናል ወይ የሚለው ነው።

መውጣትም ቢሆን በነፃ አይገኝም። ብረቱን መንቀል ያስከፍላል፤ በሊፍቱ ይተዳደር የነበረ ሠራተኛ ሌላ እንጀራ መፈለግ አለበት። በዶብራች ግን ሌላ ሀብት ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተው 16.5 ኪሎ ሜትር መንገድ መኪናን 1,732 ሜትር ከፍታ ላይ ያደርሳል። ሊፍቶቹ በተነሡበት በዚያው በ2002 ተራራው በኬርንተን ክፍለ ሀገር የመጀመሪያው የተፈጥሮ ፓርክ ሆነ። ዛሬ በክረምት የሚመጣው እንግዳ በእግሩ ይጓዛል፣ በበረዶ መራመጃ ጫማ ይሄዳል፣ ሸርተቴ የሚወድም በራሱ ጉልበት ወጥቶ ይወርዳል። ለዚህ ዓይነቱ እንግዳ በረዶው ቢሳሳም ጉዞው አይቀርም፤ የሚጠብቀው የሊፍት ዕዳም የለም።

ስለዚህ በወቅት በሚወሰን ሥራ ላይ ገንዘብ ከማዋል በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በወረቀት ላይ መመለስ ይገባል። ገቢው በዓመት ስንት ቀን ነው? መጥፎው ዓመት ሁለት ጊዜ ቢደጋገም ዕዳው በምን ይከፈላል? ዋናው ግብዓት ቢታጣ በሌላ መተካት ይቻላል? ሦስተኛውን መመለስ ያቃተው ሰው፣ የመውጫውን ቀን ከመግቢያው ቀን ጋር አብሮ ቢጽፈው ይሻላል።