ለቆዳ ሥራ የሚሆን ባለሞተር የስፌት መኪና እንዴት እንምረጥ?

ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ስልክና ስለ ሶፍትዌር ነው። ዛሬ ግን ብረትና ዘይት ወዳለበት ቴክኖሎጂ ጎራ እንላለን። ቦርሳ ወይም ቀበቶ መስፋት የጀመራችሁ፣ አገር ቤት ላለ የቆዳ ባለሙያ ዘመድ ማሽን ለመላክ ያሰባችሁም ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ማሽኑ ውድ ነው፤ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ደግሞ "አልሆነኝም" ብሎ መመለስ የለም።

1. ቆዳ ከጨርቅ በምን ይለያል?

ጨርቅ በክር የተሸመነ ስለሆነ መርፌው ክሮቹን ገለል አድርጎ ያልፋል። ስፌቱ ቢጣመም ፈትተን እንደገና እንሰፋለን። ቆዳ ግን ይበሳል፤ የተበሳው ቀዳዳ አይደፈንም። በፕሮግራመር ቋንቋ፣ ቆዳ ላይ "ኮንትሮል ዜድ" የለም። ስለዚህ የምንፈልገው በጣም ፈጣን ማሽን ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ በጉልበት፣ እኛ ባልነው ቦታ ላይ ብቻ የሚወጋ ማሽን ነው።

"ቆዳም ይሰፋል" ተብለው የሚሸጡ የቤት ማሽኖች አሉ። ቀጭንና ለስላሳ ቆዳ ሁለት ድርብ ሊሰፉ ይችላሉ። ከ 3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ቀበቶ ግን አልተሠሩም።

2. ቆዳውን የሚያራምደው ማን ነው?

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለዚህ ነው። በተለመደው ማሽን ቆዳውን የሚገፋው ከታች ያለው ጥርስ ብቻ ነው። የላይኛው እግር ቆሞ ስለሚጫን፣ የላይኛው ድርብ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የታችኛው ይቀድማል። ጫፎቹም አይገጥሙም።

ለቆዳ የሚመረጠው ጥርሱ፣ መርፌውና እግሩ ሦስቱም አብረው የሚራመዱበት ዓይነት ነው። መርፌው ቆዳው ውስጥ እንዳለ አብሮ ስለሚሄድ ድርቦቹ አይንሸራተቱም። የጁኪ ዲኤንዩ-1541 የዚህ ዓይነት ታዋቂ ምሳሌ ነው፤ የስፌቱ ርዝመት እስከ 9 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

ቅርጹንም እዩ። ጠፍጣፋ ገበታ ያለው ለቀበቶና ለኪስ ቦርሳ ይመቻል። ክንዱ እንደ ቱቦ የወጣው ደግሞ እንደ እጅ ቦርሳ ላሉ ክብ ዕቃዎች ነው።

ትልቁ ሁልጊዜ ይሻላል ማለትም አይደለም። ለኮርቻ የተሠራ ግዙፍ ማሽን ለጓንት የሚሆነውን ስስ የኢትዮጵያ የበግ ሌጦ ይቦጫጭቀዋል።

3. ክላች ሞተር ወይስ ሰርቮ ሞተር?

ክላች ሞተር ማብሪያው ከተነካ ጀምሮ፣ ብንሰፋም ባንሰፋም፣ ሳያቋርጥ ይዞራል። ፔዳሉ የሚያደርገው የሚዞረውን ሞተር ከማሽኑ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ሥራ ባይኖርም እንደሚሽከረከር ሉፕ አስቡት። ጫጫታም አለው፤ በቀስታ ለመስፋት ደግሞ የሠለጠነ እግር ይጠይቃል።

ሰርቮ ሞተር ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ይነሣል። በውስጡ ያለው ሴንሰር ፍጥነቱን እየለካ፣ ከተፈለገው ጋር እያስተያየ፣ የሚሰጠውን ኃይል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ከፍተኛውን ፍጥነት አስቀድሞ መገደብም ይቻላል። ለጀማሪ ያለ ጥርጥር ሰርቮ ይሻላል።

4. ትንሽ ሒሳብ

የማሽኑ መዘውር አንድ ጊዜ ሲዞር መርፌው አንድ ጊዜ ይወጋል። ስለዚህ፦

በደቂቃ የሚወጋው ብዛት = የሞተሩ ዙር × የሞተሩ መዘውር ስፋት ÷ የማሽኑ መዘውር ስፋት

ሞተሩ በዝግታ በደቂቃ 200 ጊዜ ቢዞር፣ የሞተሩ መዘውር 50 የማሽኑ ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ መርፌው በደቂቃ 100 ጊዜ ይወጋል። በመሀል 3 ለ 1 የሚቀንስ መዘውር ብንጨምር ወደ 33 ይወርዳል፤ ይህም በሁለት ሴኮንድ አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ፍጥነቱ በሦስት ሲካፈል ጉልበቱ በሦስት ይባዛል፤ በሰበቃ የሚባክነው ትንሽ ነው።

"ይህ አልዘገየም ወይ?" ለሚል፦ ስፌቱ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ ሜትር 250 ስፌት አለው። በደቂቃ 200 እየወጋን እንኳ በ 75 ሴኮንድ እንጨርሳለን።

5. መርፌና ክር

የቆዳ መርፌ ጫፉ እንደ ስለት ይቆርጣል፤ የጨርቅ መርፌ ጫፍ ክብ ነው። በብዙ የፋብሪካ ማሽኖች ላይ 135×16 የቆዳው፣ 135×17 የጨርቁ መለያ ነው። የክር ውፍረት የሚለካው በቴክስ ሲሆን፣ ቴክስ 70 ማለት 1,000 ሜትሩ 70 ግራም የሚመዝን ክር ነው። ለእሱ 18 ቁጥር መርፌ ይስማማዋል፤ ለቴክስ 135 ደግሞ 22 ወይም 23 ቁጥር። ፀሐይ ለሚመታው ዕቃ ከናይለን ይልቅ የፖሊስተር ክር ይመረጣል።

6. ወደ አገር ቤት ለምትልኩ

አሜሪካ 120 ቮልት በ 60 ኸርዝ ነው፤ ኢትዮጵያ 220 ቮልት በ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር የሚቀይረው ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይደለም። በአሜሪካ በደቂቃ 1,725 ጊዜ የሚዞር ክላች ሞተር በ 50 ኸርዝ ወደ 1,430 ገደማ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ሰርቮ ግን የሚገባውን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ስለሚለውጠው ኸርዙ ብዙ አያስጨንቀውም፤ ቮልቱ ግን የግድ መስማማት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። በፋብሪካ ማሽኖች የሚሰፋው አካልና ሞተሩ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ቺንጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ያለ ሞተር ገዝቶ፣ ለኢትዮጵያ መብራት የሚሆን ባለ 220 ቮልት ሰርቮ ለብቻው መግጠም ይቻላል። የሚሰፋው አካል ብቻውን ከ 30 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል በሻንጣ እወስደዋለሁ ብላችሁ አታስቡ።

7. ከመክፈላችሁ በፊት

• የምትሰፉትን ቆዳና ክር ይዛችሁ ሂዱ፤ በሻጩ ናሙና አትፍረዱ።
• መዘውሩን በእጅ አዙሩ። ሳይነክስ ይዞራል? መርፌውና እግሩ አብረው ይራመዳሉ?
• ከሁለት ድርብ ወደ አራት ድርብ ተሻግራችሁ ስፉ። ስፌቱ ከተዘለለ ወይም ካጠረ ተጠራጠሩ።
• ወደ ኋላ ስትሰፉ መርፌው በቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች መግባት አለበት።
• ቆዳውን ገልብጣችሁ ከታች ያለውን ስፌት እዩ።
• የመርፌው ዓይነትና መለዋወጫው ማሽኑ በሚሠራበት ከተማ መገኘቱን አጣሩ። ለዘመድ ከሆነ ደውሉና እሱ ራሱ ገበያውን ይይልን።

በመጨረሻም፣ ከማሽኑ በፊት ሥራውን ወስኑ። ምን ልትሰፉ ነው? ስንት ሚሊ ሜትር ውፍረት? በምን ክር? እነዚህን ሦስት መልሶች ወረቀት ላይ ጽፎ ሱቅ የገባ ሰው ሻጩ ያሻውን አይሸጥለትም። መልካም ስፌት!