ደግ እናት

በማጀቴ የዶሮ ጫጩት እንደ ተፈለፈለች መሬት ትጭራለች፤ የርግብ ልጅ ግን ከጎጆዋ ሆና እናቷን ትጠብቃለች።

ከ76 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዳይኖሰር ከሚባሉት አራዊት ወገን፥ አፏ እንደ ዳክዬ አፍ ጠፍጣፋ የሆነ አንዲት ነበረች። ርዝመቷ 9 ሜትር ያህል ነው፤ ምግቧም ቅጠል ነበረ። ከባድ ስለ ሆነች እንቁላሏን አትታቀፍም፤ በአፈር ጎጆ ጥላ በቅጠል ትሸፍነዋለች እንጂ። የረጠበ ጭድ ክምር ውስጡ እንዲሞቅ፥ የበሰበሰው ቅጠልም እንቁላሉን ያሞቀው ነበር።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ ሞንታና በሚባል አገር፥ አጥንታቸው ድንጋይ የሆነ 15 ጫጩቶች በአንድ ጎጆና በአጠገቡ ተገኙ። ጥርሳቸው በማኘክ ማለቅ ጀምሮ ነበር። ሊቃውንትም ከጎጆው ሳይርቁ የበሉት ምግብ ወላጅ ያመጣላቸው እንደ ሆነ ተረዱ። ስለዚህ በ1979 ዓ.ም. ማያሳውራ አሏት፤ ትርጓሜውም ደግ እናት እንሽላሊት ማለት ነው። ጫጩቶቹም የሞቱት ምናልባት እናታቸው ሳትመለስ ቀርታ ይሆናል።

ልጆች ሆይ፥ እናታችሁ ከገበያ እስክትመለስ ደጅ ደጁን ስታዩ እነዚያን ጫጩቶች አስቡ። የምትበሉት እንጀራ በድካም የመጣ ነውና ወላጆቻችሁን አክብሩ፤ በሥራቸውም እርዷቸው።