ንድፍ ለነጋዴ ምን ይጠቅመዋል?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ተማሪ ሁሉ እንፍራንዝን ያውቃታል። ከከተማዋ አጠገብ፥ ጣናን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ፥ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት አሠሩት የሚባለው የጉዛራ ግንብ ይገኛል። ስለ ግንቡ ብዙ ተጽፏል፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን ገበያው ነው። የሸክላ ጀበና ይዛ ለገበያ የምትወጣ ሴት ከፋብሪካ ዕቃ ጋራ ትወዳደራለች። ብትሸነፍ ምክንያቱ የእጅ ጥበብ ማነስ ነውን? አይመስለኝም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ንድፍ ነው።

ንድፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሱቅ ሰሌዳ መጻፍን ወይም በቆርቆሮ ላይ ሥዕል መለጠፍን ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ንድፍ ማለት ዕቃው ከመሠራቱ አስቀድሞ ማን እንደሚገለገልበት፥ ከምን እንደሚሠራ፥ ስንት እንደሚፈጅ፥ ሲሰበርም እንዴት እንደሚጠገን መወሰን ነው። ቀለሙ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ነጋዴዎቻችን ግን ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ «እስቲ አሳምርልኝ» ብለው ሠዓሊ ይጠራሉ። አቶ አለ ፈለገ ሰላም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለወጡ ባለሙያዎች ይህ ልማድ እንግዳ እንደማይሆንባቸው እገምታለሁ።

የውጭውን አገር ምሳሌ እንመልከት። አ. ኤ. ጌ. የተባለው የበርሊን የኤሌክትሪክ ኩባንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 ፔተር ቤሬንስ የተባለውን ሰው የጥበብ አማካሪው አድርጎ ሾመ። ቤሬንስም ከደብዳቤ ወረቀቱ ጀምሮ እስከ ፋብሪካው ሕንፃ ድረስ የኩባንያውን መልክ ነደፈ። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው የማንቆርቆሪያው ነገር ነው። ቤሬንስ ለእያንዳንዱ ገዢ አዲስ ማንቆርቆሪያ አልነደፈም፤ ጥቂት ቅርጾችን፥ ጥቂት የብረት ዐይነቶችን፥ ጥቂት እጀታዎችን አዘጋጅቶ እነርሱን በማዳበል 30 ያህል ዐይነት አወጣ። ገዢው ምርጫ በዛለት፤ ፋብሪካው ግን የሚያመርታቸው ክፍሎች ጥቂቶች ናቸው። እንግዲህ ይህ ሥዕል ነው ወይስ ሒሳብ? የንግድ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይፍረዱ።

በአገራችንም ምሳሌ አይጠፋም። በፈረንጆች 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የወጣው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ከሦስት ጉልቻው ጋራ ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ሊያድን ይችላል። ነዳፊዎቹ ባልቴቷ አዲስ ምጣድ እንድትገዛ አላስገደዷትም፤ ምድጃውን የለኩት 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው በነባሩ ምጣድ ነው። ደግሞም ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ ማውጫ ተከፋፍሎ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ቅርጽ ማውጫው ያለው ሰው በትንሽ ከተማ ሆኖ ሊነግድበት ይችላል። የንግዱ መንገድ ከዕቃው ጋራ አብሮ ተነድፎ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ጫማ ነው። በረባሶን የማያውቅ የለም፤ የድኻ ጫማ ተብሎ ሲናቅ ኖሯል። የሒሳብ አያያዝ ትምህርት የተማረችው ቤተልሔም ጥላሁን ግን በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ሰፈር ሶል ሬብልስ የተባለውን ድርጅት አቋቁማ፥ ያንኑ የመኪና ጎማ ሶል በእጅ ከተሸመነ ጨርቅ ጋራ አዋሕዳ እስከ ታይዋን ድረስ ሸጠችው። ጎማው ያው ጎማ ነው። የተለወጠው አሠራሩ፥ ልኩና ለገዢው የሚቀርብበት መንገድ ነው። ይህንንም የሠሩት በደብዳቤ የታዘዙ የሩቅ ባለሙያዎች ሳይሆኑ ከሰፊዎቹ ጎን የቆሙ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ነዳፊው ከቤት ውስጥ ቢሆን ይሻላል እላለሁ። ከውጭ የሚመጣው ሥዕሉን አስረክቦ፥ ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል። እጀታው ከሦስት ወር በኋላ ሲላቀቅ አያይም። የቤቱ ነዳፊ ግን የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሹም ምሬት ይሰማል፤ የተመለሰውን ዕቃ በእጁ ይዞ ያያል፤ የሚመጣው ዓመት ዕቃ ከዚያ ይወለዳል። እርግጥ ከውጭ የሚመጣውም ጥቅም አለው፤ የቤቱ ሰው የለመደውን ጉድለት አዲስ ዐይን ቶሎ ያየዋል። ነገር ግን የሚሰማ አለቃ ከሌለ ሁለቱም ከንቱ ናቸው። ዋጋና ቁሳቁስ ሲወሰን ያልተጠራ ነዳፊ፥ ደመወዙ ምንም ያህል ቢሆን፥ ያው ሰሌዳ ጸሓፊ ነው።

«የእንፍራንዝ ነጋዴ ለነዳፊ ደመወዝ ከየት ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነት ነው። መልሱ ግን ጀበና ሠሪዋ ራሷ ነዳፊ መሆኗ ነው፤ ጭቃው ስንት ቀን መድረቅ እንዳለበት፥ አንገቱ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ከእርሷ በላይ ማን ያውቃል? የማታየው ገዢዋን ነው። ጀበናዋ ክብ ቂጥ ኖሮት በማቶት ላይ እንዲቀመጥ ተሠርቷል፤ የከተማው ገዢ ግን በኤሌክትሪክ ምድጃና በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጠው ይፈልጋል። ሸክላውን ከእርሷ ተቀብሎ ጎንደር የሚሸጠው ነጋዴ ይህን ያውቃል፤ እርሷ ዘንድ ግን ወሬው አይደርስም። ለክረምት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ አንድ ሜትር ይዞ፥ የምድጃውንም የጀበናውንም ቂጥ ለክቶ፥ ሁለቱን ሰዎች በአንድ ላይ ቢያነጋግር ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።