ድምፅ በወጣ ገባ ግድግዳ መካከል

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ክቡን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ያየ እንደሚያውቀው ሕንፃው በሦስት ይከፈላል፤ ይኸውም ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ነው። ሊቃውንቱ የሚያዜሙበት ቅኔ ማኅሌት በሁለት ግድግዳዎች መካከል የሚዞር ስለ ሆነ፥ በፊዚክስ ዓይን ሲታይ የታጠፈ የድምፅ ቦይ ነው። ታዲያ በጭድና በጭቃ የተመረገው ወጣ ገባ ግድግዳ ፈርሶ በስሚንቶ ቢለሰን ዜማው ምን ይሆናል? ይህን ሳያፈርሱ አስቀድሞ በሒሳብ መመርመር ይቻላል። እኔ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ብሆንም፥ ነገሩ ለፊዚክስ ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይመስለኝም።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 3.4 ሜትር ሲሆን፥ 2000 ጊዜ የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ግን 17 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። በእንግሊዛዊው ሊቅ በሎርድ ሬይሊ ስም በሚጠራው መመዘኛ መሠረት፥ የግድግዳው ጉብታ ከሞገዱ ርዝመት ከስምንት አንድ እጅ ካነሰ፥ ግድግዳው ለዚያ ድምፅ እንደ ለስላሳ ይቆጠራል። እንግዲህ የሦስት ሳንቲሜትር ጉብታ ለከበሮው ከምንም አይቆጠርም፤ «ሰ» እና «ጸ» የሚሰጡትን ፉጨት መሰል ድምፅ ግን ይበትነዋል። መበተንና መምጠጥ አንድ እንዳልሆኑ ልብ ይሏል። ጉብታው የድምፁን አቅጣጫ ይለውጣል እንጂ ኃይሉን አያጠፋም፤ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጠው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ልባስ ነው።

ወደ ስሌቱ እንምጣ። ቦዩ 2 ሜትር ስፋት፥ 4 ሜትር ቁመት፥ 40 ሜትር ዙሪያ አለው እንበል። ኮምፒውተሩ አየሩን በየሁለት ሳንቲሜትሩ በነጥብ ይከፋፍለዋል፤ ነጥቦቹም 40 ሚሊዮን ይሆናሉ። የእያንዳንዱ ነጥብ ግፊት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 30,000 ጊዜ ያህል እንደገና ይታሰባል። ነጥቦቹን በእጥፍ ለማቀራረብ የሚፈልግ ሰው ሥራው 16 እጥፍ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ክቡ ግድግዳ በአራት ማዕዘን ነጥቦች ሲሣል እንደ ደረጃ ይሆናል፤ ያ ደረጃም በግድግዳው ላይ የሌለ ሐሰተኛ ጉብታ ነው። ስለዚህ የሁለት ሳንቲሜትር ጉብታ በሁለት ሳንቲሜትር ነጥብ አጥንቻለሁ የሚል ቢመጣ እኔ በበኩሌ አላምነውም።

የጉብታውን ቅርጽ ለማግኘት ብዙዎች አማካይ ከፍታውንና በጉብታ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ወስደው፥ ኮምፒውተሩ እንደ ዕጣ ብዙ ግድግዳ እንዲፈጥር ያደርጋሉ፤ ከዚያም የውጤቱን አማካይ ይወስዳሉ። ይህ ስለ ምርጊት ባጠቃላይ ይነግረናል፤ ስለ አንድ ደብር ግድግዳ ለማወቅ ግን ያንኑ ግድግዳ መለካት ግድ ነው፤ የሚለካውም ሳይፈርስ ነው። በበዓል ቀን ደግሞ የምእመናኑ ጋቢና ነጠላ ብዙ ድምፅ ይመጣልና፥ ስሌቱ ለባዶው ቤትና ለሞላው ለየብቻ ይሠራል።