ራጅ ያላሳየው የጥርስ ሕመም

ነርቩ ወጥቶ የተሞላ ጥርስ ከዓመታት በኋላ እንደገና ያማል። ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ይወጣል፣ መግል ይፈሳል፤ አንቲባዮቲክ ሲወሰድ ጋብ ብሎ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። ራጅ ይነሣል፣ ራጁ ግን ምንም አያሳይም። የመኪና ሂሳብ ከፍሎ ከካምፕ ወደ ጅቡቲ ከተማ የመጣ ሰው ይህን መልስ ይዞ ሲመለስ ምን እንደሚሰማው እናውቃለን። በራስ ዲካ ከዘመድ ጋር ያላችሁትም ብትሆኑ የሕክምናው ክፍያ አይቀርላችሁም። እንዲህ ያለው ጥርስ ሥሩ ከላይ ወደ ታች ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

ራጅ እ.ኤ.አ. በ1895 በጀርመናዊው ሮንትገን ከተገኘ ጀምሮ የሚያሳየን ጥላን ነው። ማታ እጃችሁን በፋኖስ ፊት ይዛችሁ ግድግዳውን ተመልከቱ። እጃችሁ በጎኑ ሲሆን ጣቶቻችሁ እርስ በርስ ተጋርደው አንድ ጥላ ይሆናሉ፤ ስታዞሩት በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይታያል። ስንጥቅም እንዲሁ ነው። ጨረሩ በስንጥቁ አቅጣጫ ካላለፈ ስንጥቁ በጥርሱ ጥላ ይዋጣል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም አቅጣጫ ለውጦ ሁለተኛ ራጅ ያነሣል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለጥርስ ሕክምና የቀረበው «ኮን ቢም» የተባለው መሣሪያ ግን በታካሚው ራስ ዙሪያ ይዞራል። በዙሪያው የተነሡትን ብዙ ምስሎች ኮምፒዩተር አገጣጥሞ ጥርሱን እንደ ዳቦ በስሱ እየቆረጠ ያሳያል። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሐኪሞችም በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ሁሉን አያይም። ምስሉ የተሠራው ከጥቃቅን ኩቦች ሲሆን፣ የአንዱ ኩብ ጎን በጥሩ መሣሪያ ከ0.1 ሚሊሜትር በታች፣ በሌላው እስከ 0.4 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከዚያ የቀጠነ ስንጥቅ ሊሰወር ይችላል። የባሰው ችግር ብረት ነው። በሥሩ ውስጥ የተተከለ የብረት ዘንግ ወይም የሥር መሙያ በምስሉ ላይ ጥቁርና ነጭ ሰረዝ ይጥላል። ሰረዙ እውነተኛውን ስንጥቅ ይሸፍናል፤ አለዚያም ስንጥቅ መስሎ ያልተሰነጠቀ ጥርስ ያስነቅላል። በብዛት የሚሰነጠቁት ደግሞ እነዚሁ መሙያና ዘንግ ያለባቸው ጥርሶች ናቸው! በመሆኑም ሐኪሙ ከስንጥቁ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚመለከተው በሥሩ ጎን የተበላውን አጥንት ነው።

ከምስሉ በፊት ድዱ በቀጭን መለኪያ ዙሪያውን ይለካ። ጤነኛ ድድ ላይ መለኪያው 3 ሚሊሜትር ያህል ቢገባ ነው። በአንድ ጠባብ ቦታ ብቻ ጠልቆ ከገባ ስንጥቅ ያስጠረጥራል። ይህ ምርመራ ጨረር የለውም፣ ውድ መሣሪያም አይፈልግም።

የኮን ቢም ጨረር ከአንድ ጥርስ ተራ ራጅ ይበልጣል፤ ከሆስፒታሉ ሲቲ ስካን በአብዛኛው ያንሳል። ለአንድ ጥርስ ሲባል መላው መንጋጋ መነሣት የለበትም። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እኅቶች አስቀድማችሁ ንገሩ።

ስንጥቁ ከተረጋገጠ ባለ አንድ ሥር ጥርስ በአብዛኛው ይነቀላል። ከአንድ በላይ ሥር ባለው መንጋጋ ጥርስ የተሰነጠቀውን ሥር ብቻ ማውጣት የሚቻልበት ጊዜ አለ። አንቲባዮቲክ ስንጥቅ አይዘጋም፤ መዘግየትም አጥንት ያስበላል። በመውደቅ ወይም በኳስ ተመትቶ ሥሩ አግድም የተሰበረ የፊት ጥርስ ግን ሌላ ነው። እርሱን ወደ ቦታው መልሶ ከጎረቤቶቹ ጋር ለ4 ሳምንት ያህል በማሰር ብዙ ጊዜ ማዳን ይቻላልና ልጃችሁን በዚያው ቀን ውሰዱ፤ ለማስነቀል አትቸኩሉ።

ለኮን ቢም ከመክፈላችሁ በፊት «ዶክተር፣ ድዱ ተለክቷል ወይ? ምስሉስ የሕክምናውን ውሳኔ ይለውጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቀድሞ ራጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥርሱ መቼ እንደታከመና ዘንግ እንዳለው ተናገሩ። ምስሉ በሲዲ ከተሰጣችሁ ሲዲውን ከወረቀቶቻችሁ ጋር አስቀምጡት፤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ብትሄዱ ወይም ወደ ሌላ አገር ብትዛወሩ ዳግመኛ ከመነሣትና ዳግመኛ ከመክፈል ሊያድናችሁ ይችላል።