የተበላሸ አሯሯጥ እንዴት ይታረማል?

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ሩጫ እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ ሳቁ። መሳቃቸው አላስቀየመኝም፤ ባለፈው ዓመት በእንጅባራ መስክ ላይ ስሮጥ ያየኝ ሁሉ የሚያስታውሰው ቀኝ እጄን ነውና። ግራ እጄ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በደንብ ሲመላለስ፣ ቀኙ ግን በየእርምጃው ወደ ውጭ ይወረወር ስለ ነበር «ገብስ ዘሪው» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ታላቅ ሯጭ ሆኜ ሳይሆን ስሕተት ኖሮብኝ የታረምሁ በመሆኔ ነው። ስሕተቱ እንዴት እንደ ተገኘና እንዴት እንደ ተቃና ባስረዳ፣ በየመስኩ ለሚሮጡት ታናናሾቼም ሆነ ልጆቻቸውን ለሚልኩ ወላጆች ሳይጠቅም አይቀርም።

አስቀድሞ ያሠለጥነኝ የነበረ አንድ ሰው (ስሙን ማንሣት አያስፈልግም) እንደ ጓደኞቼ ሁሉ ያየው እጄን ብቻ ነበር። «እጅህን ሰብስብ!» እያለ ከሩቅ ይጮኻል፤ ካልሰበሰብሁ አንድ ዙር ይጨምርብኛል። እኔም ቅጣቱን ፈርቼ ክንዴን ከጎኔ ጋር አጣብቄ ስሮጥ፣ ትከሻዬ እንስራ እንደ ተሸከመ ሰው ትከሻ ይደርቅ ጀመር። ደግሞም «እርምጃህን አስረዝም፤ የሚቀድመው እርምጃው የረዘመ ነው» ይለኝ ነበር። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ከሮጥሁ በኋላ ከግራ ጉልበቴ ሎሚ ሥር ሕመም ጀመረኝ፤ በተለይ ቁልቁለት ስወርድ ይወጋኝ ነበር። አባቴ ይህን ባወቀ ጊዜ በአገውኛ የተናገረውን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይሆናል፤ «ሜዳልያ ላምጣ ብለህ የምታርስበትን ጉልበት ልትጨርሰው ነው። እስከ ፋሲካ ካልተሻለህ ሩጫው ይቅር።» እኔ አባቴን አልፈርድበትም። በእኛ ቤት ድንቹ የሚቆፈረው፣ ገብሱም የሚታጨደው በሰው ጉልበት ነው።

አዲሱ የእስፖርት መምህራችን በመጡ ጊዜ የገረመኝ ዝምታቸው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሲመለከቱኝ ሰነበቱ፤ አንድ ቀን ከጎን፣ አንድ ቀን ከኋላ፣ በሦስተኛውም ቀን ደክሞኝ የመጨረሻውን ዙር ስሮጥ። በስልካቸውም ቀረጹኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ስለ እጄ ሳይሆን ስለ ቤታችን መንገድ ነበር። «ከቤት ወደ ትምህርት ቤት የምትመጣው በምን ዓይነት መንገድ ነው? በልጅነትህስ ምን ጫማ ታደርግ ነበር?» አሉኝ። ነገሩ ስላልገባኝ እንደ ዋዛ መለስሁላቸው። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ከፍታ ላይ ነው፤ መንገዱም ቁልቁለት ነው። በአዊ ዝናቡ ቶሎ እንደማያባራ የታወቀ ስለሆነ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰዓት ሲረፍድብኝ የላስቲክ ጫማዬን አድርጌ ከጭቃ ጭቃ እየዘለልሁ ቁልቁል እሮጥ ነበር። «እንግዲያው እግርህ የተማረው መዝለልን ነው» አሉ።

የቀረጹትንም ፊልም ቀስ አድርገው አሳዩኝ። ግራ እግሬ መሬት በሚነካበት ቅጽበት ጉልበቴ ቀጥ ብሎ፣ እግሬም ከሰውነቴ እጅግ ቀድሞ ተረከዙን ተክሎ ይታያል። ይህ ማለት በየእርምጃው ራሴን እየገታሁ እንደገና እነሣ ነበር ማለት ነው። ሸክም የያዘ በሬ ቁልቁለት ሲወርድ የፊት እግሩን እንዴት እንደሚተክል ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። ጉልበቱም የሚታመመው እርምጃውን የሚገታው እርሱ ስለሆነ ነው።

እጄስ? እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ። ሰው ሲሮጥ ቀኝ እጅ ከግራ እግር ጋር፣ ግራ እጅም ከቀኝ እግር ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህ የሆነው ወገብ እንዳይጠማዘዝና ሰውነት ሚዛኑን እንዳይስት ነው። የእኔ ግራ እግር ከልክ በላይ ርቆ ሲወረወር፣ ቀኝ እጄ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ውጭ መወርወር ግድ ሆነበት። «እጅህ ነገር ነጋሪ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም» አሉኝ መምህራችን። ያ የቀድሞው አሠልጣኝ ነገር ነጋሪውን ሲያስር ጥፋተኛው እግር በነፃ ይሮጥ ነበር።

የሚታየውን ጉድለት ሁሉ ማረም እንደማይገባ ለማወቅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ማስታወስ ይበቃል። ኃይሌ በአርሲ ሳለ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል ደብተሩን በግራ ክንዱ ይዞ ይሮጥ ስለ ነበር፣ ታላቅ ሯጭ ከሆነ በኋላም ግራ ክንዱ ደብተር እንደ ያዘ ጠበብ ብሎ ይታጠፍ ነበር። በዚያው ክንዱ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በሲድኒ የ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ወሰደ። ክንዱን የግድ ላቃና ብሎ የተነሣ ሰው ቢኖር ምን ያተርፍ ነበር?

ወደ እኔ ነገር ልመለስ። መምህራችን እርምጃዬን አሳጥር አላሉኝም። ቀኝ እግሬ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ መሬት እንደሚነካ ቆጠሩ፤ 39 ሆነ። ሁለቱ እግሮች በደቂቃ 156 ጊዜ ይረግጣሉ ማለት ነው። «41 አድርገው» አሉኝ፤ ይኸውም በደቂቃ 164 መሆኑ ነው። ፍጥነቱ ሳይጨምር የእርምጃው ቁጥር ከጨመረ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ያለ ትእዛዝ ራሱ ያጥራል። ይህ የመምህራችን ፈጠራ አይደለም። በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ጃክ ዳንኤልስ የተባለው አሜሪካዊ አሠልጣኝ የሯጮችን እርምጃ ቆጥሮ፣ አብዛኞቹ በደቂቃ 180 ወይም ከዚያ በላይ እንደሚረግጡ ተመልክቷል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት፣ የእርምጃን ቁጥር ከመቶ 5 እስከ 10 ብቻ መጨመር በጉልበት ላይ የሚወድቀውን ጫና እንደሚቀንስ አሳይቷል። እኔ በጉጉት «ለምን ዛሬውኑ 180 አላደርገውም?» ብላቸው መምህራችን ሳቁብኝ። የእኔ ቁመትና የእኔ ፍጥነት የኦሊምፒክ ሯጭ ቁመትና ፍጥነት አይደለማ።

ሁለተኛው ነገር የቃል አመራረጥ ነው። «ጉልበትህን እጠፍ፣ ተረከዝህን አታስቀድም፣ ወገብህን አቅና» የሚባል ልጅ ስለ እግሩ ሲያስብ መሮጡን ይረሳል። መምህራችን ግን ጫማዬን አስወልቀው ለስላሳ ሣር ላይ አቆሙኝና፣ «ሕፃን የተኛበት ቤት ውስጥ እንደምታልፍ ሆነህ ሩጥ፤ ድምፅህን አልስማ» ብቻ አሉኝ። ድምፅ ላለማሰማት ስጥር ተረከዜ በራሱ ቀለለ፣ እግሬም ከሰውነቴ በታች ማረፍ ጀመረ። ጋብሪኤለ ቩልፍ የተባሉ ተመራማሪ ከ20 ዓመት በላይ ባደረጉት ጥናት፣ ተማሪ ስለ ገዛ አካሉ ከሚያስብ ይልቅ እንቅስቃሴው ስለሚያስገኘው ውጤት ቢያስብ ቶሎ እንደሚማር ደርሰውበታል።

ይህን ግን የእኛ አገር ፈረሰኞች ሳያውቁት ቀርተዋል አልልም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲሰበሰቡ ያየ ሁሉ፣ ያ አቀማመጥ በአንድ ቀን እንዳልመጣ ያውቃል። እኔ ልጅ ሳለሁ ልጓም አጥብቄ እየያዝሁ ፈረሱን አስቸግር ነበር። አጎቴ «ልቀቀው» ብሎ አልጮኸብኝም፤ በልጓሙና በጣቴ መካከል አንድ የገብስ አገዳ አኑሮ «ይህ እንዳይሰበር» አለኝ። እጄ በዚያው ቀን ለዘበ።

መምህራችን ራሳቸው ሜዳልያ የላቸውም። አንዳንድ ወላጆች ይህን ሰምተው ሲያጉረመርሙ ስለ ሰማሁ፣ የበቆጂውን ስንታየሁ እሸቱን ልጥቀስላቸው። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት እኒህ ሰው የትምህርት ቤት የእስፖርት መምህር ነበሩ።

አሁን ደግሞ የተቸገርሁበትን ልናገር። አዲሱ አሯሯጥ በመጀመሪያ አዘገየኝ። ባቴ ታመመ፤ ምክንያቱም ጉልበት ይሸከመው የነበረው ጫና ወደ ታች ስለ ወረደ ነው። መምህራችን የምሮጠውን ርቀት በግማሽ ቀነሱት፤ ሰዓት መያዣቸውንም ኪሳቸው ከተቱት። ለዳንግላው የትምህርት ቤቶች ውድድር ስድስት ሳምንት ብቻ ቀርቶ ነበርና፣ ከእኔ ኋላ ይቀሩ የነበሩ ልጆች ሲያልፉኝ አንድ ቀን ተናድጄ ወደ አሮጌው እርምጃዬ ተመለስሁ። ቀደምኋቸው፤ ማታውን ግን ደረጃ መውጣት አቃተኝ። መምህራችን ይህን ሲሰሙ አልተቆጡኝም። «ውድድሩ ሁለት ሳምንት ብቻ ቢቀረው ኖሮ ምንም አልነካህም ነበር፤ ስድስት ሳምንት ስላለ ነው የጀመርሁት» አሉኝ።

ማረም የሚገባበትን ጊዜ ማወቅ ከሁሉ የሚከብድ ሳይሆን አይቀርም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ያሸነፈው፣ እዚያ የተገዛለት አዲስ ጫማ እግሩን ስለ ጎዳው ነበር። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በውድድሩ ዋዜማ ጫማ አላምድ ብለው አላስጨነቁትም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ያው ሰው ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበር።

ዳንግላ ከእንጅባራ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ነው፤ ያን ዕለትም ፀሐዩ በርትቶ ነበር። 3,000 ሜትር ሰባት ዙር ተኩል ነው። እስከ ስድስተኛው ዙር ድረስ የራሴን ኮቴ አልሰማሁትም። ከዚያ በኋላ ግን ደከመኝና ጧ፣ ጧ ሲል ሰማሁት፤ ላስተካክለው ብሞክርም እግሬ አልታዘዘኝም። አራተኛ ወጣሁ። ወደ ሚቀጥለው ውድድር የሚያልፉት ሦስት ነበሩ። እያለቀስሁ ወደ መምህራችን ስሄድ አላጽናኑኝም፤ «ከየትኛው ዙር ጀምሮ ተሰማህ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «ባለፈው ወር ከሁለተኛው ጀምሮ ነበር» አሉና በማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ማታ ከመስክ ወደ ቤት ተመለስሁ። የመንገዱ መጨረሻ ለጥ ያለ ስለሆነ እሮጥ ነበር። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጠፍር ሲጠግን ነበርና አጠገቡ ስደርስ ደንግጦ ቀና አለ።

«መቼ መጣህ? ድሮ ከወንዙ ማዶ ትሰማ ነበር።»

«አሁን ነው» አልሁት።

«ጉልበትህስ?»

«ከተወኝ ሦስት ሳምንት ሆነው።»

የፋሲካውን ቀጠሮ አላነሣም። የጠፍሩን አንድ ጫፍ ሰጥቶኝ «ሳበው» አለኝ።