«ሲስተም የለም» ሲባል የጠፋው ምንድን ነው?

ባንክ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ «ሲስተም የለም» ያልተባላችሁ ካላችሁ እስኪ እጃችሁን አውጡ! ቃሏን ሁላችንም እናውቃታለን። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ዜና ስንጽፍ እንዳለች እንገለብጣታለን። ለመሆኑ የጠፋው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት የኮምፒውተር ባለሙያዎች «ሪሞት ፕሮሲጀር ኮል» (በአጭሩ አር.ፒ.ሲ.) የሚሉትን ነገር በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል።

ፕሮሲጀር ማለት ስሙ ሲጠራ የሚከናወን አንድ የተወሰነ ሥራ ነው፤ ለምሳሌ «ቀሪ ሂሳብ አሳይ»። ሥራው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ካለ ጣጣ የለውም። ሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር ውስጥ ከሆነ ግን ጥሪው በኔትወርክ መሄድ አለበት። አንድሩ ቢሬል እና ብሩስ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት የሩቁን ጥሪ የቅርብ ማስመሰል እንዴት እንደሚቻል አሳይተዋል። በጠሪው በኩል ይህን የሚሠራው «ክላየንት ላይብረሪ» ይባላል። ጥያቄውን ጠቅልሎ ይልካል፣ መልሱን ይጠብቃል፣ ፈትቶ ያስረክባል።

ከዚሁ ከገፈርሳ ምሳሌ እንውሰድ። በአምቦ መንገድ ያለው ግድባችን ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚሰጡት ውስጥ አንጋፋው ነው። ከተማው ውስጥ ቧንቧ የሚከፍት ሰው ግድቡም ሆነ ማጣሪያው ትዝ አይለውም። ቧንቧው ሲደርቅ ግን ግድቡ ጎድሎ ይሁን መስመሩ ተሰብሮ ቧንቧውን በማየት ብቻ አያውቅም።

የአር.ፒ.ሲ. ዝምታ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ቡራዩ ያለች እናት ጎንደር ለሚማር ልጇ በሞባይል 500 ብር ላከች እንበል። ስልኩ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ዝም አለ። ምን ሆኖ ይሆን? አንደኛ፣ ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ አልደረሰም። ሁለተኛ፣ ደርሷል፤ ግን ሰርቨሩ ሥራውን ሳይጨርስ ቆሟል። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ተልኳል፤ የጠፋው መልሱ ብቻ ነው። ለስልኩ ሦስቱም አንድ ናቸው። ደግማ ብትልክ 1,000 ብር ሊሄድባት ነው፤ ብትተወው ልጁ ባዶ ኪሱን ሊያድር ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሲደገምም በዚያው ቁጥር ይላካል። ሰርቨሩ ቁጥሩን ካየ «ይህንን ሠርቼዋለሁ» ብሎ የቀድሞውን መልስ ይመልሳል እንጂ ሁለተኛ አይከፍልም።

እዚህ ላይ ነው የቀላል ላይብረሪ ጉዳይ የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1998 የመጣው ኤክስኤምኤል-አር.ፒ.ሲ. ጥያቄውን ማንም ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ይልካል። ጄሰን-አር.ፒ.ሲ. ጽሑፉን አሳጠረው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው ጂ.አር.ፒ.ሲ. ደግሞ በተለምዶ መልእክቱን በባይነሪ ያሽገዋል። ትንሽ ላይብረሪ በአንድ ቀን ይለመዳል፣ ለደካማ ስልክም አይከብድም። ነገር ግን ስንት ሴኮንድ ይጠበቅ፣ ስንቴ ይደገም፣ ቁጥሩን ማን ይስጥ የሚሉትን ብዙ ጊዜ ለፕሮግራም ጸሐፊው ይተዋቸዋል። ጂ.አር.ፒ.ሲ. እንኳ ካልተነገረው በስተቀር የመጠበቂያ ገደብ አያስቀምጥም። እንግዲህ ላይብረሪው ቀለለ ማለት ሸክሙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሰውየው ትከሻ ላይ ወጣ እንጂ። ሰውየው ከረሳው ሸክሙ ወደ እናትየዋ ይወርዳል።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል የዕለት ተዕለት ኑሯችን ሆኗል። ስለዚህ ወደፊት ማይክ ይዘን ስንወጣ «ሲስተም የለም» የሚለውን መዝግበን ብቻ አንመለስ። ያልደረሰው ጥያቄው ነው ወይስ መልሱ? ደንበኛው ደግሞ ቢሞክር ሁለቴ ይቆረጥበታል? ብለን እንጠይቅ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በኔትወርክ ላይ ግን ዝምታ የሰው ገንዘብ ነው።